በእማማ ኦቺያይ ትከሻ ላይ

ቶኪዮ፣ ዲሴምበር 8

ውድ እትዬ ቺዙሩ፣

እዚህ ብርዱ ገብቷል። እናንተ ዘንድ ግን ገና መንደሪን እየተለቀመ ነው ብዬ አስባለሁ። ደብዳቤ በእንዲህ ያለ ወሬ እንዲጀመር ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፤ "ሰው ሳያንኳኳ አይገባም" እያልሽ። እንግዲህ አንኳኩቻለሁ፤ አሁን ልግባ።

ለጠየቅሽኝ መልሴ እችላለሁ ነው። ስልክ ላይ ዝም ያልኩት እምቢ ለማለት ሳይሆን ደንግጬ ነው፤ አንቺ ከኔ ምንም ነገር ጠይቀሽ አታውቂም። ባለቤትሽ ጋሼ ሺጌሩ ስልኩ አጠገብ ስለሚውል በደብዳቤ እንነጋገር ማለትሽም ገብቶኛል። ይህችንም የላክኋት ወደ ቤት ሳይሆን ወደ መሥሪያ ቤትሽ ወደ መንደሪን መለያው ነው።

ጠበቃው አቶ ሂዋሳ ደውለውልኛል፤ ነገሩን በቅጡ የሰማሁት ከሳቸው ነው። ጋሼ ሺጌሩ ባለፈው ወር አንድ አመሻሽ ላይ በፒካፑ መንደሪን ጭኖ ከእርከኑ ሲወርድ፣ ከድንጋይ ካቡ ሥር ያለው ኩርባ ላይ እማማ ኦቺያይን ገጨ። እሳቸው ሞቱ። እሱ አላየኋቸውም፣ ጨለማ ብቻ ነበር ይላል። ዐቃቤ ሕጉ ደግሞ ገና ዓይን ለዓይን ያተያይ ነበር ባይ ነው። በእርግጥ ማየት የማይቻል ከነበረ ክሱ ራሱ ሊቀር እንደሚችል አቶ ሂዋሳ ነግረውኛል። ስለዚህ ያን ምሽት በኮምፒውተር ሠርቼ፣ ከሾፌሩ ወንበር ላይ ምን እንደሚታይ እንዳሳይ ይፈልጋሉ።

"አንተ ካርቱን ትሠራ የለም እንዴ፣ ይህንን ደግሞ ከየት አመጣኸው?" ብለሽኛል። ሰዉንና ቤቱን የሚሠሩት ሌሎች ናቸው፤ የኔ እንጀራ መብራት ማብራትና ማጥፋት ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ መንደሩ፣ ዛፉ፣ ሰዉ ሁሉ ተሠርቶ አልቆ፣ ዙሪያውን መዞር እየተቻለ፣ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ፀሐይዋን የማስገባው እኔ ነኝ። ቦታውንና ቀኑን ከነሰዓቱ ስነግረው ፀሐይዋን ያኔ በነበረችበት ያስቀምጣታል። የመኪናውን መብራት ከመኪናው ጋር አስረዋለሁ፤ መኪናው ሲዞር አብሮ ይዞራል። የመንገድ መብራቱ እንዲደበዝዝ፣ እንዲደምቅ፣ እንዲንቀጠቀጥ ማድረግም እችላለሁ። መንደሪናችንን የሚያበስሉት ሦስት ፀሐዮች ናቸው ይባል የለ? የሰማዩ፣ ከባሕሩ የሚመለሰውና ከካቡ የሚመለሰው። ሦስቱንም አስገባቸዋለሁ።

ካንቺ የምፈልገው እንግዲህ ይህን ነው። ኩርባውን በዚያው ሰዓት ፎቶ አንሺልኝ። የአውቶቡስ ማቆሚያው መብራት በርቶ እንደነበር ንገሪኝ። እማማ ኦቺያይ የለበሱትንም ጻፊልኝ። አንድ ደግሞ ልጠይቅሽ የማልወደው ነገር አለ፤ ጠጥቶ ነበር?

ለቀብሩ ባለመምጣቴ ይቅርታ። ሥራ በዛ ብዬ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ልጃቸውን በምን ዓይኔ አየዋለሁ ብዬ ነው።

ኩኒሂኮ


ሺዮዳ፣ ዲሴምበር 17

ኩኒ፣

አንኳኩተህ መግባቱንስ ገባህ፤ ጫማህን ግን አላወለቅህም። "ገጨ፣ ሞቱ" ተብሎ ይጻፋል? ደግነቱ ያነበብኩት ከመንደሪን ሣጥኖቹ ኋላ ብቻዬን ተቀምጬ ነው።

መጠጡን ፖሊስ በመሣሪያ አስነፍቶ ጨርሶታል። አልጠጣም፤ ስልክም አልነካም። ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው፤ መንደሪኑ ከተጨፈለቀ መለያው ላይ እኔው ራሴ እንደምጥልበት ያውቃል።

የማቆሚያው መብራት በርቶ ነበር። ግን አንተ የምታውቀው መብራት አይደለም፤ አርጅቷል። ሲበራ መጀመሪያ ያስላል፣ ከዚያ ይጠፋል፣ ከዚያ ቀላ ብሎ ይቆያል፣ ደህና አድርጎ የሚነጣው ሰው ሁሉ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ከሱ እስከ ኩርባው ያለውን አብራኝ ከምትሠራው ሴት ጋር በገመድ ለክተነዋል፤ ከፎቶዎቹ ጋር ልኬልሃለሁ። መንደሩ ሁሉ ቆሞ አየን፤ ማንም ግን ምን ታደርጋላችሁ ብሎ አልጠየቀንም።

እማማ ኦቺያይ የለበሱት ጥቁር ሰማያዊ ጃኬት ነው፤ ራሳቸው ላይ ያው የዘወትር ሻሻቸው፣ እሱም ጥቁር ሰማያዊ። የሚገፏት ጋሪ ጥቁር ናት። ነጭ ነገር በላያቸው አልነበረም። አምና የሚያንጸባርቅ መታጠቂያ ከመንደሩ ጽሕፈት ቤት ሲታደል "እኔ የመንገድ ምልክት ነኝ እንዴ?" ብለው መልሰውታል፤ ሳቃችንን ለቅቀን ነበር።

እሱ እንዴት ነው ላልከኝ፣ ቁጭ ብሏል። ጎረቤቶቹ ሳንጠይቃቸው የኛን መንደሪን ለቅመው ሣጥኑን ከበራችን ላይ እየደረደሩ ይሄዳሉ፤ ግን አንዳቸውም አይገቡም። የምሰጠውን ሩዝ ያሽከረክረዋል እንጂ አይበላውም። የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ቺዙሩ፣ ጨለማ ብቻ ነበር።" እኔ አምነዋለሁ። እኔ ሚስቱ ነኛ፤ የኔ ማመን ምን ያደርግለታል? ወህኒ መግባቱን አልፈራውም፣ ከወህኒ ሰው ይወጣል። የምፈራው እሱ ራሱ ያቺን ቃል መጠራጠር እንዳይጀምር ነው። ከጀመረ ሰው አይሆንልኝም። ስለዚህ እባክህ፣ እንደ ነበረው አድርገህ ሥራልኝ።

ቺዙሩ


ቶኪዮ፣ ጃንዋሪ 13

ውድ እትዬ ቺዙሩ፣

የአዲስ ዓመት ካርድ ያልላክሁልሽ ረስቼ አይደለም፤ እንዲህ ባለ ዓመት እንኳን አደረሰሽ አይባልም ብዬ ነው። አንቺም አልላክሽልኝም።

"አለቀ ወይስ አላለቀም? አንድ ቃል ምን ይከብድሃል?" ብለሽ ሁለት ጊዜ ጽፈሽልኛል። አልቋል። ካለቀ ቆይቷል። ዝም ያልኩት ሌላ ሌላ ነገር ስሞክር ነው።

እትዬ፣ ይታያሉ።

ልክ እንደነገርሽኝ ነው የሠራሁት። ፀሐይዋን ከተራራው ኋላ አስገባኋት፤ ከባሕሩ የሚመለሰው ብርሃን ካቡ ላይ ቀስ እያለ ከሰመ፤ የማቆሚያውም መብራት እያሳለ ቀላ። ከሾፌሩ ወንበር ሆኜ ሳየው መጀመሪያ ካቡ ብቻ አለ። ከዚያ መኪናው ገና ሊዞር ሲል ከካቡ ሥር አንድ ሰው ጋሪ ሲገፋ ይታያል። በደንብ አይደለም፤ ግን ይታያል። ፍሬን ለመያዝ የሚበቃ ጊዜም አለ።

ስህተት ይሆናል ብዬ ያልቆፈርኩት የለም። የባሕሩን ብርሃን ቀነስኩት፤ ይታያሉ። የመንገዱን መብራት ጨርሼ አጠፋሁት፤ አሁንም ይታያሉ። በኛ ሥራ አንድ ነገር ብርሃን እንዳይነካው ማዘዝ ይቻላል፤ መብራቱ መንገዱንና ካቡን ያበራል፣ ያንን ነገር ግን ዘሎት ያልፋል። አንድ ምልክት ማንሳት ብቻ ነው። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ያንን ምልክት ከእማማ ኦቺያይ ላይ አነሳሁት። ጠፉ። ቁጭ ብዬ ባዶውን መንገድ ሳየው ዋልኩና ምልክቱን መልሼ አስገባሁት። እንደዚያ ያለ ብርሃን ምድር ላይ የለም። አንቺም እንደ ነበረው ሥራልኝ ነው ያልሽኝ።

ለአቶ ሂዋሳ ልኬላቸዋለሁ። ለዐቃቤ ሕግ የመስጠት ግዴታ የለባቸውም፤ መሳቢያቸው ውስጥ ሊተዉት ይችላሉ። ለጋሼ ሺጌሩም እንዳያሳዩት ለምኛቸዋለሁ። አንቺም አትዪው።

ይቅር በይኝ። ልረዳሽ ብዬ ነበር።

ኩኒሂኮ


ሺዮዳ፣ ጃንዋሪ 28

ኩኒ፣

ስልኬ ላይ ደጋግመህ የተውከውን መልእክት ሰምቻለሁ። ተቀይሜህ ነው ያልመለስኩልህ፤ አሁን በርዶልኛል፣ ወይም የበረደልኝ መስሎኛል። ሰሞኑን መንደሪን ስለይ የበሰበሰውን ሁሉ "ኩኒ" እያልኩ ነበር የምጥለው።

ጠበቃው ሊያሳዩት አልፈለጉም ነበር። እሱ ነው የጠየቃቸው። "የሚስቴ ወንድም የለፋበትን ሳላይ ብሄድ ነውር ነው" አለ። መጋረጃውን ዘጉልን። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አየ። "ይድገሙልኝ" አለ፤ ደገሙለት። ደግሞ አስደገመ። እኔ አንዴ ካየሁ በኋላ ወደ ወለሉ ነው ያየሁት። መጨረሻ ላይ አንተ የጻፍካትን ያችኑ ቃል አለ።

"ይታያሉ።"

በማግሥቱ እኔ ሥራ ስገባ የለቅሶ ሱፉን ለብሶ ከተማ ሄደ፤ ብቻውን ዐቃቤ ሕግ ፊት ቀርቦ "ይታዩ ነበር፤ ማየት ነበረብኝ" ብሎ ፈረመ። ጠበቃውን እንኳን አልነገራቸውም። አቶ ሂዋሳ ሲሰሙ ወንበራቸው ላይ ዝርፍጥ አሉ፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አሁን ምን ልሥራ አሉኝ። ያንተንም ሥዕል ለዐቃቤ ሕጉ የነገረው እሱ ራሱ ነው። አሳምሮ ሠርቶታል፣ ጠይቁና እዩት ብሎ አሞግሶልሃል። ጠይቀው ወስደውታል።

አሁን ምን እየሆነ ነው ላልከኝ፣ ያልጠበቅሁት ነገር እየሆነ ነው። መብላት ጀምሯል። ሚሶ ሾርባውን ጠጥቶ ጎድጓዳ ሳህኑን አጥቦ ያስቀምጣል። "ጨለማ ብቻ ነበር" የምትለዋን ቃል ከዚያ ወዲህ ከአፉ አልሰማኋትም። ደስ ይበለኝ ወይስ ላልቅስ አላወቅሁም፤ ለጊዜው ሩዙን እጨምርለታለሁ።

ቺዙሩ


ቶኪዮ፣ ፌብሩዋሪ 11

እትዬ፣

ዛሬ አላንኳኳም።

ጋሼ ሺጌሩ ልክ ነበር። ጨለማ ነበር። ያበራሁት እኔ ነኝ።

ትናንት ሌላ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ አንዲት ልጅ በጨለማ ሩዝ ማሳ ውስጥ ቆማለች። ዳይሬክተሩ "ትከሻዋ ላይ ያለችውን የብርሃን መስመር አጥፋልኝ፣ ሌላው ሁሉ ጥሩ ነው" አለኝ። መብራቶቹን አንድ በአንድ አጠፋሁ፤ መስመሯ አልጠፋችም። ፀሐይ የለም፣ ጨረቃ የለም፣ መስመሯ አለች። ፍለጋ ገብቼ ያገኘኋት ከልጅቷ ጋር ታስራ ነው። እኛ ስቱዲዮ ተሠርቶ የተቀመጠ የሰው ቅርጽ ከኮምፒውተሩ መጋዘን ሲወጣ ብቻውን አይወጣም። ሰው ከጨለማው ጋር እንዳይቀላቀል ከጀርባው አንዲት ትንሽ መብራት ይዞ ይወጣል፤ ከጆሮው እስከ ክርኑ ቀጭን መስመር ታሠምርለታለች። ዙሪያው እየጨለመ በሄደ ቁጥር መብራቷ በራሷ እየደመቀች ትሄዳለች። ተመልካች የሚያየውን ሰው እንዳያጣው ተብሎ ነው። ከመብራቶቹ ዝርዝር ውስጥ አትገባም፤ ሰውየው ውስጥ ናት። ሁላችንም ስለምናውቃት ረስተናታል።

የእማማ ኦቺያይን ቅርጽ ያወጣሁት ከዚያው መጋዘን ነው። አሮጊት መረጥኩ፣ ጃኬቱን ጥቁር ሰማያዊ አደረግኩ፣ ጋሪ ሰጠኋቸው። ያቺን መስመር በየቀኑ ስለማያት ሰው ማለት እንደዚያ የሚታይ ነገር መስሎኝ ቀርቷል። መንገዱን በገመድ ለክታችሁልኝ፣ እኔ ደግሞ በሌለ መብራት አስጌጥኳቸው።

የሺዮዳውን ከፍቼ መብራቷን ነቀልኳት። እትዬ፣ ምንም የለም። ካቡ አለ፣ ከካቡም ጥላ አለ። የሚታዩት መኪናው ዞሮ ሲያበቃ ነው፤ ያኔ ፍሬን ቢይዝ ባይዝ ለውጥ የለውም። ማንም ሰው አያያቸውም ነበር።

አዲሱን ዛሬውኑ ለአቶ ሂዋሳ ልኬዋለሁ። እባክሽ አሁኑኑ ንገሪው። መንደሪኑን ተዪው፣ ተነሺና ቤት ሂጂ። ልክ ነበርክ፣ ኩኒ ነው የተሳሳተው በዪው። እኔ እመጣለሁ፤ እግሩ ላይም እወድቃለሁ።

ኩኒሂኮ


ሺዮዳ፣ ማርች 1

ኩኒ፣

ነገርሽው ወይ፣ ነገርሽው ወይ እያልክ ሰው አታስጨንቅ። ነግሬዋለሁ። ደብዳቤህ በደረሰኝ ቀን ሣጥኑን ጥዬ ነው የሮጥኩት፤ አለቃዬ ቤቴ የተቃጠለ መስሎት ተከትሎኝ ወጥቶ ነበር።

እሱ ደጅ መቀስ እየሳለ ነበር። ያልከውን ሁሉ እንዳልከው ነገርኩት፤ መጋዘኑን፣ ትንሿን መብራት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ?

"ኩኒ ደግ ልጅ ነው። አዝኖልኝ ነው።"

አይደለም፣ ስህተት አግኝቶ ነው አልኩት። "አውቃለሁ፣ መጀመሪያ እውነቱን ሠራ፤ እኔ ሄጄ ስፈርም ጊዜ ደግሞ አንጀቱ አልችል አለ" አለኝ። ጠበቃው ቢሮ አዲሱን አሳየነው። አንዴ አየ፤ ይደገም አላለም። "ይህኛው ነው የተሠራው" አለ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው፣ እሱ ራሱ ያስታውሳል። ከጆሯቸው እስከ ክርናቸው የወረደ ቀጭን ብርሃን አይቻለሁ አለ። መጀመሪያ ደንግጬ ስለነበር ጠፋብኝ እንጂ፣ ሥዕሉን ሳይ ነው የመጣልኝ አለ። በኖቬምበር ስንት ጊዜ "ጨለማ ብቻ" ያለኝ ይኸው ሰውዬ ነው።

አቶ ሂዋሳም ተስፋ ቆርጠዋል። ከአንድ እጅ የወጣ ሁለት ሥዕል፣ በአንዱ ሲታዩ በአንዱ ሲጠፉ፣ ለዚያውም የሚስት ወንድም የሠራው፣ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው አሉኝ። ፍርድ ቤት ቀርበህ ራስህ አስረዳ ብለውሃል መሰለኝ።

ሌላም አለ፤ ልደብቅህ ነበር። የእማማ ኦቺያይ ልጅ ኬንሳኩ እኛ ቤት መጥቶ ነበር። ከአደጋው ወዲህ ደጃችንን ሲረግጥ የመጀመሪያው ነው። ግንባራችንን ምንጣፉ ላይ አድርገን ቆየን። እሱ የመጣው ለመውቀስ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀው፤ "መጨረሻ ላይ እናቴ እንዴት ነበረች?" አለ። ሺጌሩም ነገረው። ብርሃን ነበረባቸው፣ ትከሻቸው ላይ፣ ቀጥ ብለው ይሄዱ ነበር አለው። ኬንሳኩ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሲወጣ የሺጌሩን እጅ ይዞ አመሰገነው።

እኔ ሻይ ይዤ በር ላይ ቆሜ ነበር። ምን እንድል ትፈልግ ነበር? ሆድ ይፍጀው ብዬ ሻዩን አቀረብኩ።

ቺዙሩ


ቶኪዮ፣ ኤፕሪል 19

ውድ እትዬ ቺዙሩ፣

ሳላድር በመመለሴ አዝነሽብኛል። ዓሣውን ጠብሰሽ እንደጠበቅሽኝ ነግረሽኛል፤ ይቅርታ። ከፍርድ ቤቱ ወጥቼ በመጀመሪያው ባቡር ነው የሄድኩት፤ እቤት ብመጣ ከሱ ፊት ለፊት ተቀምጬ መብላት አልችልም ነበር።

ዐቃቤ ሕጉ የጠየቀኝን ሁሉ አንቺም ሰምተሻል፤ ግን ደጋግሞ ጆሮዬ ላይ ይጮኻል። እኚህን ሴት በአንድ ምልክት ማሳየትም ማጥፋትም ይችላሉ? እችላለሁ። ሁለቱንም የሠሩት እርስዎ ነዎት? አዎ። ተከሳሹ ምንዎ ነው? የእህቴ ባል። በቃ፣ ተቀመጠ። የዋሸሁት ነገር አልነበረም፤ ተቀምጬ ሳስበው ግን እኔም ብሆን ራሴን አላምነውም ነበር። ዳኛዋ ስለዚያች መብራት ሳስረዳ በትህትና ጻፈች፤ ገብቷት ይሁን አይሁን ፊቷ አይናገርም።

"ኮሪደሩ ላይ ምን አለህ?" ብለሻል። አንቺ ከጠበቃው ጋር ስትነጋገሪ መጥቶ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። ለደከምክበት አመሰግናለሁ አለ። ጋሼ፣ እባክህ እመነኝ፣ ጨለማ ነበር፣ አንተው ነህ ልክ አልኩት። እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። "ኩኒ፣ ስለኔ ብለህ አትዋሽ" አለኝ። ለስለስ አድርጎ ነው ያለኝ፤ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ስቱዲዮ ተመልሼ ያቺን መብራት ከመጋዘኑ ቅርጾች ሁሉ ላይ እናንሳት አልኳቸው። ሳቁብኝ፤ ሰው ሁሉ ጨለማ ውስጥ ሊጠፋብን ነው አሉ። እውነታቸውን ነው። ዛሬም ስሠራ የዋልኩት በሷ ነው።

እትዬ፣ ምን ላድርግ? ሌላ ሥዕል ልሥራ? ከሱ ጋር ተቀምጬ እያንዳንዱን መብራት አንድ በአንድ እያጠፋሁ ላሳየው? ንገሪኝና እሺ እላለሁ።

ኩኒሂኮ


ሺዮዳ፣ ጁላይ 22

ኩኒ፣

ሙቀቱ በርትቷል፤ የመንደሪኑ ፍሬ ገና አረንጓዴ ጠጠር ነው። ለሦስት ደብዳቤህ መልስ አልሰጠሁህም፤ የምለው አጥቼ ነው እንጂ ጠልቼህ አይደለም።

ፍርዱን አቶ ሂዋሳ ነግረውሃል። ወህኒ አልገባም፤ ቅጣቱ ታግዶለታል። ሰዉ ሁሉ እሰይ አለን። እሱ ግን ዳኛዋን "ለምን?" ብሎ ሊጠይቅ ሲነሳ ጠበቃው በኮቱ ጎትተው አስቀመጡት። ከዚያ ወዲህ ፒካፑን ሸጧል። እርከኑን ለጎረቤት ሰጥቷል፤ እኔን ሳያማክር። መንደሪን የማይለቅም ሺጌሩ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ አብሬው የኖርኩት ሌላ ሰው ነበር።

ሌላ ሥዕል ልሥራ ወይ ላልከው፣ አትሥራ። መብራት በመብራት እያጠፋሁ ላሳየው ላልከው፣ ተወው። የምታጠፋው ሥዕሉ ላይ ነው፤ የሱ መብራት ያለው እዚያ አይደለም።

በየቀኑ ሲመሽ ኩርባው ላይ ሄዶ ይቆማል። መንደሩ ለምዶታል፤ መኪና የሚነዳ ሁሉ ቀስ ብሎ ያልፈዋል። ባለፈው ሳምንት ተከትዬው ሄድኩ። ከካቡ ሥር ጎን ለጎን ቆምን። ባሕሩ ጠቆረ፣ ያ መብራት አሳለና ቀላ። ማንም ሰው በመንገዱ አልነበረም። "ያውና፣ ትከሻቸው ላይ" አለኝ፤ "ታዪያለሽ?" ካቡን አየሁ፣ ጥላውን አየሁ። ጨለማ ብቻ ነበር፣ ኩኒ። እሱ ወደኔ ዞሮ ነበር፤ ፊቱን በደንብ ባላየውም እንዴት እንደሚጠብቀኝ አውቄዋለሁ። አላይም ብለው ሊሆን የሚችለው ሁሉ በሐሳቤ መጣ። ከተማ ወስጄው ሐኪም፣ እንደገና ጠበቃ፣ ኬንሳኩን ጠርቶ ያን ቀን የነገርኩህ ልክ አልነበረም ማለት።

"አያለሁ" አልኩት።

ትንፋሹን ለቀቀ። "እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር" አለኝና እጄን ያዘ። እንዲህ አድርጎ እጄን የያዘኝ መቼ እንደሆነ እንኳን ረስቼዋለሁ። ወደ ቤት ስንመለስ ስለ ዓሣ ዋጋ አወራኝ።

በኦገስት ለሙታን በዓል ልምጣ ወይ ብለሃል። ና። ለእማማ ኦቺያይ ከሞቱ ወዲህ የመጀመሪያው ስለሆነ ኬንሳኩ ነጭ ፋኖስ ይሰቅላል፤ ሺጌሩንም ናልኝ ብሎታል፤ ኬንሳኩም ሺጌሩ ያንን ከነገረው ወዲህ የሚጽናናው በዚያች ቃል ነው። አንተም አብረኸን ትሄዳለህ። ዓሣውን እንደ ባለፈው አታስቀርብኝ።

ሲመሽ ግን ሺጌሩ ወደ ኩርባው ይወስድሃል። ከአሁኑ እየጠበቀህ ነው፤ "ኩኒ የብርሃን ሰው ነው፣ እሱ ይለየዋል" ይላል። እኔ አልመጣም፤ ቤት ሆኜ ሩዝ እቀቅላለሁ። አጠገቡ ያቆምህና ይጠይቅሃል። ምን እንደምትመልስ ልታስብበት ከፈለግህ ባቡር ውስጥ ጨርሰህ ና፤ እሱ ፊት ቆመህ እንዳታስብ፣ ፊት ማንበብ ያውቃል።

አየኋቸው በለው።

ቺዙሩ